ገደል መግባት በቤተሰብ ደረጃ

ገደል መግባት ማለት ወንዝ በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ በእግር፣ በእጅ፣ ካስፈለገም በመቀመጫ ቁልቁል መውረድ ነው። «ገደል ግባ» ቀድሞ እርግማን ነበር፤ በአስጎብኚዎች ዘንድ ግን ደረሰኝ የሚቆረጥለት አገልግሎት ሆኗል። ፈረንጆች ካንየኒንግ ይሉታል። በዘርፉ ስማቸው ከሚነሳ ቀደምቶች አንዱ ፈረንሳዊው ኤድዋርድ አልፍሬድ ማርቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የቬርዶንን ሸለቆ ከባልደረቦቹ ጋር አቋርጧል። በቡድኑ ውስጥ መሐንዲሶች እንጂ አክስት ስላልነበረች፣ ልምዱ ለቤተሰብ ጉዞ እምብዛም አይረዳም።

የቤተሰቡ ዓይነት በደንብ የሚታየው ካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወደ ባርታ ፏፏቴ በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ተጓዡ እንዳይወድቅ የሚይዘው ቅርንጫፍ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ነው፤ ሲሰበር ግን እንደ ማንኛውም ቅርንጫፍ ይሰበራል። በገመድ መውጣትና መውረድ ለአገሩ ሰው ብርቅ አይደለም። ቀፎ ሰቃዮች በረጃጅም ዛፎች ላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ማር ስለሚገኝበት ግን ስፖርት አልተባለም።

የባለሙያ መሣሪያ ገመድና የራስ ቁር ነው። የቤተሰብ መሣሪያ ዱላ፣ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦና ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ነው። አባት ከፊት ይሄዳል፤ መንገዱን የሚያውቀው ግን ከኋላ ያለው አስጎብኚ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚለወጠው የገብረ ጉንዳን ሰልፍ መንገዱን ሲያቋርጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አያት ሳይቀሩ አባትን ይቀድማሉ።

ዋናው ክስተት የአክስት ጫማ ነው። ቀይ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፣ «ጧ» ይላል፤ እግር ይወጣል፣ ጫማ ይቀራል። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ ይመነግለዋል፣ በኮባ ቅጠል ጠርጎ «አይዞዎት፣ እማማ» እያለ ያቀብላል። አክስት የምትቆጣው በጭቃው አይደለም፣ «እማማ» በመባሏ ነው።

ከፏፏቴው ሥር ሲደረስ የአካባቢው ልጆች ቀድመው ይገኛሉ፤ በባዶ እግር፣ ያለ ገመድና ያለ ደረሰኝ የወረዱ ናቸው። በስፖርቱ አይቆጠሩም። ቤተሰቡ ፎቶ ይነሳል፣ ዳቦው ይበላል። የመልሱን ዳገት ማስታወቂያው አያነሳውም፤ ወራጆቹም በትንፋሽ እጥረት ምክንያት አያነሱትም።

የገደሉ ጥልቀት የሚለካው ማታ ቦንጋ ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ነው። በአቦል ገደሉ እንዳለ ነው። በቶና እጥፍ ይሆናል። በበረካ አንበሳ ይገባበታል። ካፋ ጫካ ውስጥ አንበሳ መኖሩ እውነት ነው፤ በዚያ ቀን ግን አልነበረም።