ዓርብ የምትታቀደዋ ሰኞ

የሰው ልጅ ከፈለሰፋቸው ነገሮች መካከል ሳምንታዊ የዕቅድ ቅጽን የሚያህል የለም። መኪና መንገድ ይፈልጋል፣ መድኃኒት በሽተኛ ይፈልጋል፤ ሳምንታዊ ዕቅድ ግን ሥራ እንኳ አይፈልግም። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ ክብደት፣ ዒላማ፣ ክንውን፣ አፈጻጸም በመቶኛ ተብሎ የተሰመረ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሰኞ ጠዋት መሞላት የነበረበት ይህ ገጽ በልማድ የሚሞላው ዓርብ ከሰዓት ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ የጥበቡ ምስጢር እዚያው ላይ መሆኑ አልገባቸውም። ሰኞ የሚያቅድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ዓርብ የሚያቅድ ግን በምንም ተአምር አይሳሳትም። የሠራውን ያቅዳል፣ ያቀደውን መቶ በመቶ ይፈጽማል። መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቶ በመቶ ሲደጋገም ያስጠረጥራልና አልፎ አልፎ 96.4 ማለት ያስፈልጋል። ነጥብ አራቷ የሐቀኝነት ማኅተም ናት።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ በግብ መመራትን ሲያስተዋውቅ፣ ሠራተኛ በአለቃ ቁጣ ከሚነዳ አምኖ በተቀበለው ግብ ራሱን ይምራ ማለቱ ነበር። ቢኤስሲ የተባለውን የአፈጻጸም መለኪያ ያመጡት ካፕላንና ኖርተንም እ.ኤ.አ. በ1992 የጻፉት የገንዘብ ቁጥር ብቻውን የድርጅትን ጤና አይናገርም ብለው ነው፤ አራቱ «ዕይታዎች» የተፈለጉት ከአንድ ቁጥር ባርነት ለመውጣት ነበር። እኛ ደግሞ ከአንዱ ቁጥር ነፃ ወጥተን አርባ ቁጥር ሥር ገባን። ዕቅዱ ከተቋም ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ፣ ከዓመት ወደ ሩብ ዓመት፣ ከዚያም ወደ ወርና ሳምንት «ይወርዳል»። ቃሉ የራሱ የሥራው ቃል ነው፣ እኔ አልጨመርኩበትም። ከወረደ በኋላ ተመልሶ ሲወጣ የሚታየው ግን ሪፖርት ብቻ ነው።

«የተስተናገደ ባለጉዳይ ብዛት» የሚለውን ረድፍ ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ጉዳይ ይዞ ሰኞ መጣ እንበል። ፋይሉ አልተገኘምና ነገ ይመለሱ ተባለ፤ አንድ ባለጉዳይ ተስተናገደ። ማክሰኞ ፋይሉ ተገኝቶ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሁለት። ረቡዕ ፈራሚው ኖረው ሲስተም የለም፤ ሦስት። ሐሙስ ሲስተሙ መጥቶ መብራት ሄደ፤ አራት። ዓርብ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ባለሙያው ሳምንታዊ ሪፖርት እየሞላ ስለሆነ ሰኞ ይምጡ ተባለ፤ አምስት። በጎን ያለው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ይህንኑ ጉዳይ ሰኞ ጠዋት በሃያ ደቂቃ ጨርሳ ሰውየውን ብትሸኘው ኖሮ በሪፖርቷ የሚሰፍረው 1 ነበር። ግምገማው ሲመጣ አምስት ያስተናገደው ይመሰገናል፤ እሷ «ድጋፍና ክትትል የሚያስፈልጋት» ትሆናለች። ማንም አልዋሸም። መደመር ብቻ ነው።

ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጣጣ ነው፣ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት በገንዘቡ አይቀልድም የሚል አይጠፋም። ግን በአሜሪካ የዌልስ ፋርጎ ባንክ ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ደንበኛ 8 ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ ይጠበቅባቸው ነበር። ስምንት ለምን? በእንግሊዝኛ ከ«ግሬት» ጋር ቤት ስለሚመታ! ዒላማ በግጥም ሲወሰን ዓለም ከዚያ በፊት አላየም ነበር። ሠራተኛውም ዒላማውን አሳካ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ እንደሆነው ደንበኞች ሳያውቁ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሂሳቦችና ካርዶች ተከፍተው ሊሆን ይችላል ተባለ፣ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረሩ፣ ባንኩም 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት መለኪያ ለመቆጣጠሪያ ሲውል መለኪያነቱ እንደሚፈርስ ያስጠነቀቀው ከዚያ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚሰፍርበት ረድፍ ስላልነበረ ነው መሰል፣ ማንም አላሰፈረውም።

በቁም ነገር መመለስ ያለበት ተቃውሞ ሌላ ነው። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም የተባሉ ተመራማሪዎች ግልጽና ከበድ ያለ ግብ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን ያህል ሥራ» ከተባለው የበለጠ እንደሚሠራ በብዙ ጥናት አሳይተዋል። እውነት ነው፣ አልክድም። ይሁንና እነዚሁ ሰዎች ሥራው አዲስና ውስብስብ ሲሆን ውጤት ማሳደድ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ያኔ መማርን ግብ ማድረግ እንደሚሻልም ጽፈዋል። ብሎኬት የሚደረድር ሰው በሳምንት ቢለካ ያምርበታል። እንሰት የተከለችን ሴት ግን በሳምንት እንለካት ብንል ምን ይሆናል? ተክሉ ለመፋቅ እስኪደርስ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ200 ሳምንት በላይ «ክንውን፦ 0» ብላ መሙላት አለባት። ሦስተኛው ወር ላይ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል፤ ስድስተኛው ላይ አንድ ባለሙያ ጓሮዋ ድረስ መጥቶ እንሰቱን ነቅላ ሰላጣ እንድትተክል ይመክራታል፣ ሰላጣ ቶሎ ይደርሳልና። መሥሪያ ቤቶቻችን ሰላጣ የወደዱት ለዚህ ነው፦ ስልጠና ተሰጠ፣ ውይይት ተካሄደ፣ ይህን ለሚያህል ሰው ግንዛቤ ተፈጠረ። ግንዛቤ በሳምንት ይደርሳል። ማንበብ የሚችል ልጅ ግን አይደርስም።

ቅጹ አሁን ከቢሮ ወጥቶ ቤት ገብቷል። የግል ግብ፣ የግል ራዕይ፣ እሑድ ማታ የሚሞላ ማስታወሻ ደብተር፤ ስንት ገጽ ተነበበ፣ ስንት እርምጃ ተሄደ፣ እናት ስንት ጊዜ ተደወለላት። የአነቃቂ ንግግር መድረኮች እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ማስረጃ አላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1953 በዬል ዩኒቨርሲቲ ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ተመራቂዎች ከሃያ ዓመት በኋላ ከቀሪዎቹ 97 በመቶዎች በላይ ሀብት አፈሩ ይባላል። ጥናቱ ተፈልጎ ጠፋ፣ ዩኒቨርሲቲውም አልተደረገም አለ። ስለ ክትትል ጥቅም ሲነገር ከኖረው ሁሉ ዝነኛውን የሚተርኩት ተከታትለው አላጣሩትም ማለት ነው። በእርግጥ ግቡን ጽፎ ለወዳጁ በየሳምንቱ የሚያሳውቅ ሰው የተሻለ እንደሚፈጽም ያሳየ፣ የምር የተደረገ ጥናት አለ፤ ወዳጅ ግን የመቶኛ ረድፍ የለውም፣ «ምነው ጠፋህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

ታዲያ የሕዝብ ገንዘብ ያለ ክትትል ይበተን? ማንም እንዲህ አላለም። አንዲት ረድፍ ብቻ ትለወጥ፦ «የተስተናገደ ባለጉዳይ ብዛት» ተሠርዞ «አንዱ ባለጉዳይ ስንት ጊዜ ተመላለሰ» ይባል፣ መልሱንም መስኮቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን ውጭ የቆመው ይሙላው። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዓርብ ከሰዓት ላይ ከሆኑ ይህችን ጽሑፍ «ሙያዊ ንባብ» በሚለው ሥር ክንውን 1 ብለው ይመዝግቧት። ዒላማው ስንት እንደነበረ በኋላ ይስተካከላል።