ደብል ሺፍት በባሕር ላይ

ሰኔ ገብቶ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የዋሽንግተን ዲሲው የዩ ስትሪት ወሬ ይቀየራል። ዘጠነኛው መንገድ ጥግ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ሳይቋጭ ይተውና አንዱ "ዘንድሮ ለምን ክሩዝ አንሄድም?" ይላል። አምና ሄዶ የመጣ ሰው ከጎን ካለ አለቀ፤ ጉባኤው የእሱ ነው። "ሁሉም ተከፍሏል እኮ! ምግቡ፣ መኝታው፣ ትርዒቱ። አንተ መተኛት ብቻ ነው።" ከሰሚዎቹ አንዱ ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ፣ ማታ ኡበር ነው፤ አንዷ ሆስፒታል ውስጥ ደብል ትሠራለች። "መተኛት" ሲባሉ አገር ቤት ስላለ ዘመድ እንደተነገራቸው ሁሉ በናፍቆት ይተነፍሳሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክሩዝ ዕረፍት የሚሸጥ ንግድ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ዕረፍቱን ገዝቶ ሲያበቃ እንደ ሦስተኛ ሥራ ይይዘዋል።

መርከቡ የሚነሳው ከቅርብ ነው። በ2006 የተከፈተው የባልቲሞር ተርሚናል ከአይ-95 አጠገብ ነው፤ ከዩ ስትሪት ብትነሱ መንገዱ 40 ማይል ገደማ ነው። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ከዚያ ወደ ባሃማስ፣ ወደ ቤርሙዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይሄዳሉ። የአውሮፕላን ትኬት የለም፤ ስለዚህ ሻንጣ የሚመዝን የለም። ይህ ዜና ለእኛ አደገኛ ነው። የጉዞ ትምህርታችንን የተማርነው ከደላስ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ በሚል ሕግ፣ ሚዛን ላይ ሻንጣ ከፍተን ጫማ ከአንዱ ወደ ሌላው ስናዛውር ነው። "ኪሎ የለውም" ሲባል እጃችን ይፈታል። ለሰባት ቀን ጉዞ ለአራት ምሽት የሐበሻ ቀሚስ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ እጣን፣ ለጀበናው ደግሞ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ።

ኤክስሬዩ ዘንድ ሲደረስ ምድጃዋ ትወርዳለች። ውሃ ላይ እሳት ቢነሳ እሳት አደጋ ተጠርቶ አይመጣም፤ ስለዚህ የሚግል ሽቦ ያለው ዕቃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ እጣን ሳይቀር ክልክል ነው። ቤት የተሠራ ምግብም አይገባም፤ የሚያልፈው በፋብሪካ የታሸገ ብቻ ነው። ድርቆሹ ሲያዝ የሚደረገውን ክርክር ቆሜ አይቻለሁ፤ "ይሄ እኮ ደረቅ ነው፣ አይበላሽም" ብለው ለጥበቃው በአማርኛ ያስረዱ እናት ነበሩ። ጀበናው ግን ያልፋል። ሳምንቱን ሙሉ ያለ እሳት፣ ያለ እጣን፣ ካቢን ውስጥ መስታወቱ ሥር ተቀምጦ ይጓዛል። ስለ ሚጥሚጣ የጠየቀኝ ስለሌለ አልናገርም።

ስለ ወረቀት አጭር ነገር ልበል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ መርከብ ያለ ፓስፖርት መሄድ ይችላል ሲባል እውነት ነው፤ ግን ፓስፖርቱ ይሻላል፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአገሩን ፓስፖርትም ይጠየቃል። ያ ፓስፖርት የት እንዳለና መቼ እንዳለፈበት ወደቡ ላይ ሳይሆን ቤት ሆኖ ማየት ነው።

አሁን ወደ ሰዓት። ካርዱ ላይ 5 ሰዓት የሚል ሠርግ 8 ሰዓት ደርሶ "ገና አልጀመሩም አይደል?" የሚል ሕዝብ ነን፤ ደግሞም አልጀመሩም። መርከቡ ግን የተሳፋሪዎቹን የመጨረሻ ስም ዝርዝር ከመነሳቱ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ የድንበር መሥሪያ ቤት ማስረከብ ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ ጂፒኤሱን ብትወቅሱ፣ የባልቲሞር ዋሻ ተዘጋግቶ ነበር ብትሉ ስማችሁ የለም። ናሶ ላይ ወርዶ ለአክስት ልጅ ሻርፕ ሲከራከር የቆየም ያው ነው። የላይኛው ደርብ ላይ ያሉት ተሳፋሪዎች መጠጣቸውን ይዘው፣ በወደቡ ላይ የሚሮጡትን እየቀረጹ ያጨበጭባሉ። መርከቡ ከሄደ ቀጣዩን ወደብ ወይም ቤትን በራስ ገንዘብ በአውሮፕላን መፈለግ ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ፓስፖርት ይጠይቃል። ፓስፖርቱ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

መርከቡ ገና ሳይነሳ የደህንነት ልምምድ አለ። ባሕር ካጣን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ የአብዛኞቻችን የውሃ ልምድ ላንጋኖና ሶደሬ ነው። እንደ ሕሊና ቢሆን ላይፍ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር ከሁሉ ቀድመን ተሰልፈን መማር የነበረብን እኛ ነን። በዚያ ሰዓት ግን ቡፌው ተከፍቷል። ጥር 2012 በፈረንጆች ጣሊያን አጠገብ ኮስታ ኮንኮርዲያ ዓለት ገጭታ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ዛሬ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳ እንዲደረግ በዓለም አቀፍ ሕግ ታዝዟል። ይሄን እየነገርኳቸው እንኳ ላዛኛ የሚያስጨምሩ አሉ።

ቡፌው፣ እንግዲህ። ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚገኘው ሳምንት የነሐሴ ነው፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ትኬቱ ሲቆረጥ ይህን ማንም አላሰበውም። ለመንገደኛ ይፈቀዳል የሚል ሊቅ ግን ከሰልፉ ውስጥ አይጠፋም፤ እሱ ባይኖር ሽሪምፕ ዓሣ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ቤርሙዳ ያደርሳል። የማይጾመው ደግሞ ዋጋውን ሊያስመልስ ቆርጦ ተነስቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ቁርስ፣ 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ቁርስ፣ ምሳ፣ ፒዛ፣ እራት፣ ሌሊት እንደገና ፒዛ። "ተከፍሏል" ይላል እያላበው። ገንዳው ዳር የሚተኛበትን አልጋ በንጋት ፎጣ አንጥፎ ይይዛል፤ አይተኛበትም፣ ይጠብቀዋል። ጋራዥ ውስጥ ቦታ ሲጠብቅ የኖረ ሰው እጁ አይሳሳትም።

"ሁሉም ተከፍሏል" የተባለውም ሁሉም አይደለም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያላደረገ ሰው በመርከቡ አንቴና በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች እህቱ "ደርሰናል" ባለ ቁጥር በደቂቃ ይቆጥርበታል። የመጠጥ ጥቅሉን አንዱ ከገዛ፣ በብዙዎቹ መርከቦች እዚያው ካቢን ያለ ሌላ አዋቂም እንዲገዛ ይገደዳል። ስለዚህ ባል ውስኪውን ሲያስብ ሚስት በዕለት ስንት ስፕራይት ብትጠጣ ኪሳራው እንደሚመለስ ታሰላለች።

የቲፑ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው። ኩባንያዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ልጅ ቢሆንም፣ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይጨምራሉ። በ17 ዶላር እንኳ ቢታሰብ አራት ለሆነ ቤተሰብ የሰባት ቀኑ 476 ዶላር ነው። ሃያ ዓመት በቲፕ የኖረ፣ ቲፕ ያልሰጠውን ተሳፋሪ እስከ ዛሬ በመልኩ የሚያስታውስ የታክሲ ሰው፣ "ይሄ ይነሳልኝ" ለማለት እንግዳ መቀበያው ጋ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ከሰልፉ የሚያስወጣው ሕሊናው ሳይሆን አስተናጋጁ ነው። ልጁ ከፊሊፒንስ ነው ወይም ከኢንዶኔዥያ፤ ውሉ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር፣ ሥራው በሳምንት ሰባቱንም ቀን። "ኦፍ ቀንህ መቼ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል የእኛ ሰው። "ውሉ ሲያልቅ።" "ኦቨርታይምስ?" ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተለያዩ ማለት የለም፤ ስለ ሐዋላ ዋጋ፣ ስለ እግር ቁርጥማት፣ እናት ስለምትሠራው ቤት ያወራሉ። በሳምንቱ ውስጥ ካዚኖውም ዳንሱም ያልሰጡትን ደስታ ያገኘው ከዚህ ጨዋታ ነው። የተቆረጠው ቲፕ ሳይነካ፣ በእጁም ሃያ ዶላር ጨምሮለት ይለያያሉ።

በመጨረሻው ጠዋት ሻንጣውን ራሱ የሚያወርድ ሰው ቀድሞ ይወጣል ስለሚባል የእኛ ሰው ንጋት ላይ ስድስት ሻንጣ እየጎተተ ሊፍቱ በር ላይ ቆሟል። ፓርኪንጉ ላይ የሰባት ቀኑን ሒሳብ ሲያስብ ያለቅሳል፤ እሱ ራሱ ለሌላው ሲያስከፍል የኖረው ነው። ባለቤቱንና ልጆቹን በእህቱ መኪና ወደ አሌክሳንድሪያ ሸኝቶ፣ ወንበሩን አስተካክሎ፣ አፑን ይከፍታል። ወዲያው ጮኸ፤ አራት ሻንጣ የያዘ ቤተሰብ፣ ከተርሚናሉ በር ወደ ቢደብሊውአይ ኤርፖርት። ትናንት ማታ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ሎብስተር ሲያስደግሙ የነበሩት ናቸው።