ባለርስቱ ወንበር፦ በበረዶ ወቅት የመኪና ማቆሚያ ይዞታን የሚመለከት ጥናት

ወንበር መቀመጫ ነው የሚለው አስተሳሰብ ቦስተን ላይ በረዶ በጣለ ማግስት አያስኬድም። በዚያ ቀን ወንበር ባለርስት ነው። ነዋሪው መኪናውን ከዋጠው በረዶ ለማውጣት በአካፋ ሲዝቅ ያረፍዳል፤ ወገቡን ይዞ ቀና ይላል፤ ከዚያ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል ባዶው ፓርኪንግ መሐል ወንበር ተክሎ ይሄዳል። ከዚያች ደቂቃ አንሥቶ የሕዝብ የነበረው አስፋልት የወንበሩ ነው።

ልማዱ የቦስተን ብቻ አይደለም። ቺካጎዎች «ዲብስ» ይሉታል፤ ብዙ ጊዜም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 ከወረደው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ጋር ያያይዙታል። ፒትስበርግም ወንበሩ የእኔ ነው ባይ ናት። ቦስተን ግን ደንብ አበጅታለታለች፦ የበረዶው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከተነሣ በኋላ ወንበሩን 48 ሰዓት ትታገሠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የቆሻሻ መኪና ያነሣዋል። የሳውዝ ኤንድ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ ወንበር ከልክሏል። እዚያ የሚዝቅ ሰው ለማን እንደሚዝቅ አያውቅም።

የዕቃዎቹ ማዕረግ ሰፊ ምርምር ይጠይቃል። ዋናው ግኝት ዕቃው ባረጀ ቁጥር ሥልጣኑ መጠንከሩ ነው። አዲስ ወንበር ራሱ ይሰረቃል። መደገፊያው የተገነጠለ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የወጥ ቤት ወንበር ግን ስንዝር የሚያህል በረዶ ተሸክሞ በግርማ ይቆማል። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ከዚህም ይበልጣል፤ ይህን አደባባይ ያወጣ ሰው የቀረው ነገር እንደሌለ ስለሚገመት የሚዳፈረው የለም። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ቱቦው ተጠምጥሞ መንገድ ላይ የሚቆምበት ምክንያት ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። ምናልባት በረዶውን በእሱ ሞክረውት ይሆናል።

አበሻ ነዋሪዎች ለዚህ ሥርዓት ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። ውኃ በጠፋ ሰሞን ቢጫ ጀሪካኗን ቦኖ ላይ አሰልፋ፣ እቤቷ ገብታ ሽሮዋን የምታማስል ሴት ያየ ሰው ለውክልና ሕግ እንግዳ አይደለም። አንድ ወጣት ከመኪናው ወርዶ አብረውት የነበሩትን አዛውንት «ጋሼ፣ ወንበሩን ላንሣው እንዴ?» ቢላቸው፣ «ተው ልጄ፣ ሰው ይዞታል» አሉት።

«ማንም የለም እኮ!»

«ወንበሩስ?»

ወጣቱ ቀና ብሎ የላይኛውን ፎቅ መስኮት አየ። መጋረጃው ተነቃነቀ። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። ወንበር ያነሡ ሰዎች ጎማቸውን ተበሳስቶ ያገኙበት ጊዜ ስላለ፣ ውሳኔው በዚህ ጥናት «ምክንያታዊ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ለንጽጽር ያህል፣ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ በረዶ በወረደበት የ2015 ብርድ አንዳንድ ቦስተናውያን የዋና ልብስ ለብሰው ከመስኮት ወደ በረዶ ክምር ይዘሉ ነበር፤ ከንቲባው ማርቲ ዋልሽም እባካችሁ ተዉ ብለው በይፋ ለመኑ። ወንበር ወደቆመበት ስፍራ የዘለለ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።

የዚያ ዓመት የመጨረሻው የከተማዋ የበረዶ ክምር ቀልጦ ያለቀው ጁላይ 14 ነው። የ48 ሰዓቱ ቆጠራ ከአዋጁ መነሣት ይጀምር ወይስ ከመጨረሻዋ ጠብታ ተብለው የወንበር ባለቤቶች ቢጠየቁ፣ መልሳቸው አስቀድሞ ይታወቃል።