ያልመጣ ይመረጣል

በኮንዶሚኒየማችን የኮሚቴ ምርጫ ቀን የሚታየው ትሕትና ገዳም ውስጥ እንኳ አይገኝም። ውኃ በጠፋ ሰሞን ደረጃው ላይ ቆሞ «እኔ ብሆን ኖሮ!» እያለ ብሎኩን ሲያናውጥ የከረመ ጎረቤት፣ ጥቆማ ሲጀመር «ኧረ ከእኔ የተሻሉ አሉ» ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል።

ስለ ጋራ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖረን ይፈልጋል። ማኅበሩን የሚመራው ሰው ከየት እንደሚመጣ ግን ለእኛ ትቶታል። እኛም ዘዴ አላጣንም፤ ያልመጣ ይመረጣል። ልቅሶ የሄዱት ሊቀመንበር፣ ክፍለ ሀገር ያሉት እትዬ ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ጸሐፊነቱ እስክሪብቶ ይዞ ለተገኘ ምስኪን ደረሰው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጊዜ አለዎት» ተባሉ አንድ አዛውንት።

«ልጄ፣ ጊዜ የኖረኝ ኮሚቴ ስላልገባሁ ነው።»

ከዚያ የፓምፑ መዋጮ ተነሣ። ምድር ላይ ያለው «ውኃው ያለ ፓምፕ ይደርሰኛል፤ ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው የመለሰለትን እዚህ አልጽፈውም።

ደግነቱ ኦዲተር አልቸገረንም። የሰው ሒሳብ መመርመር ሲባል እጁን ያላወጣ የለም፤ ትሑቱ ጎረቤቴም ሁለቱንም አወጣ። ሦስት ኦዲተር መርጠን ተበተንን። የሚመረመር ሒሳብ ግን እስካሁን የለም፤ ገንዘብ ያዣችን ሹመታቸውን እንደሰሙ ስልካቸውን አጥፍተዋል።