ዋስ የጠፋለት ዘውድ

ድሮ ሰው ፊልም ሊያይ ሲሄድ ገላውን ይታጠብ ነበር። ጫማ ይወለወላል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጣል። ፊልሙ ቢከፋ እንኳ ሰላምታው ይተርፋል። የዛሬው የልጅ ልጄ ግን ካልሲውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ መዳፍ በምታህል መስተዋት ዓለምን ሁሉ ሲያይ ይውላል። ሰሞኑን «አባባ፣ ይኸን እይ፣ አንተ የምትወደው ዓይነት የድሮ ነው» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ለጠፈው። የድሮ ማለቱ በ1956 ዓ.ም. የተሠራ ማለቱ ነው። ጉድ እኮ ነው! 1956 መቼ ድሮ ሆነ?

ፊልሙ «ዘ ፒንክ ፓንተር» ይባላል፤ አዘጋጁ ብሌክ ኤድዋርድስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ካርታ ላይ የሌለች ሉጋሽ የምትባል አገር ልዕልት ከአባቷ ያገኘችው ትልቅ አልማዝ አላት። አልማዙ ሆዱ ውስጥ የምትዘል ግሥላ የሚመስል እንከን አለበት። ያንን ሊሰርቅ አንድ ጨዋ መሳይ እንግሊዛዊ ባላባት ይመጣል። ሌባውን ሊይዝ ደግሞ ክሉዞ የሚባል ፈረንሳዊ ኢንስፔክተር ይላካል። አይ መላክ! ሰውየው የሚሽከረከር የምድር ሉል ተደግፎ የሚወድቅ ነው። ሚስቱ የሌባው ወዳጅ ናት። ሰው አልጋው ሥር ተሸጉጦበት እሱ ከላይ ይገላበጣል። አብዛኛው ነገር የሚሆነው ጣሊያን አገር፣ ኮርቲና በምትባል በረዷማ የተራራ ከተማ ነው። ብርድ ከሆነ ያማራቸው ደባርቅ ምን አጠፋ? ጋቢ እንኳ እናውሳቸው ነበር።

በፊልሙ ውስጥ አእምሮ ያለው አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ሌቦቹ የጎሪላ ልብስ ለብሰው፣ ፖሊሶቹም እንደዚያው የተምታታ ነገር ለብሰው አደባባዩን በመኪና እየዞሩ ሲባረሩ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ሊያቋርጥ ይወጣል። አንዱ መኪና ያልፈዋል፣ ሌላው ይመጣበታል። ቢቸግረው ወንበር አምጥቶ ቁጭ አለና ያያቸው ጀመር። እኔም አራዳ ላይ ባጃጅ መሻገሪያ ሲያሳጣኝ ወንበር ባገኝ እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ነገር ግን ዛሬ ለሽማግሌ ወንበር የሚያቀብል ማን አለ?

መጨረሻ ላይ አልማዙን በክሉዞ ኪስ ይከቱበታል። ችሎት ፊት ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ሲያወጣ አልማዙ ዱብ ይላል፤ ሌባውን ሊይዝ የመጣው ሰው ሌባ ተብሎ ይታሰራል። የልጅ ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለአንዲት አልማዝ መርማሪ፣ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ የጋዜጣ ሰው ይህን ያህል ተሰልፏል። የጎንደር ንብረት ሲወጣ ሉል ተደግፎ የሚወድቅ መርማሪ እንኳ የላከልን የለም።

ፈረንሳዮቹ መጥተው አልነበረም እንዴ! መጥተዋል፤ ግን መርማሪ ሆነው አይደለም። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ማርሴል ግሪዮል የሚባል ምሁር ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን እያቋረጠ፣ ቡድኑን አስከትሎ ጎንደር ገባ። ጻድቁ ዮሐንስ ያሠሩት አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ በሸራ ተሥሎ የተለጠፈ የጥንት ሥዕል ነበር። ግሪዮል ካህናቱን አግባባና ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባለውን ሠዓሊ አዲስ ቅጅ አሣለ። ቅጅውን ግድግዳው ላይ ለጠፉና ዋናውን ልጠው ወሰዱት። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው። የፊልሙ ሌባ ሰርቆ ሲወጣ አንዲት ነጭ ጓንት ጥሎ ይሄዳል፤ እኛን የገጠመን ሌባ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ጥሎልን ሄደ። ቸርነቱ አይካድም! ደግሞ ደብቀውም አይደለም። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በየዕለቱ የሆነውን እየጻፈ በ1934 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ሌባው ራሱ የዕለት ማስታወሻ ከያዘ መርማሪ ምን ይሠራል? የእኛ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ እርስ በርሱ «ማን ፈቀደ?» እያለ ሲነታረክ ሣጥኑ ተጭኖ አለቀ። ንትርክ ላይ ማን ይችለናል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ክሉዞን የተጫወተው ፒተር ሴለርስ ነው፤ በዚያ ሥራም ስሙ ገነነ። መጀመሪያ ግን ቦታው የእሱ አልነበረም፤ የፒተር ኡስቲኖቭ ነበር። ኡስቲኖቭ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ጥሎ ወጣ። ታዲያ ይህ ኡስቲኖቭ ማን መሰላችሁ? የእኛው ልጅ ነው! ሳቁ፤ ከሳቃችሁ በኋላ ግን የዘር ሐረጉን ቁጠሩ። የአባቱ እናት ማግዳሌና ሐል ትባላለች፤ የተወለደችው በመቅደላ ነው፤ ስሟም ከዚያው መጣ ይባላል። አባቷ ሞሪትዝ ሐል ጋፋት ላይ ለአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። የማግዳሌና እናት ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ሳንደር ልጅ ናት። ሳንደር ያገባትስ? የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ እሴተ ወርቅ! እንግዲህ ኢንስፔክተር ክሉዞ በጎንደሬ ደም ሊወድቅ ሊነሣ ነበር። ጥሎ ሄደ። ሄዶስ? ብዙም ሳይቆይ በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቶፕካፒ» በሚባል ፊልም ላይ፣ ከኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ዕንቁ ያለበት ጩቤ ከሚሰርቁት ጋር ተደባልቆ ኦስካር ተሸለመ። አያችሁ የዘመድ ነገር? መርማሪ ሁን ሲሉት እምቢ አለ፣ ከሌቦቹ ጋር ሲሆን ሽልማት አመጣ።

መቅደላን ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው የየአድባራቱን ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙ። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ባለቤቴ የእሳቸው አገር የቋራ ሰው ናት፣ እራት ደግሞ ከእሷ እጅ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያንን ሁሉ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጫኑት ይባላል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ አውጥተው ተጫረቱት። በዝሆን የጫነ ሌባ እኮ የጣት አሻራ አያስፈልገውም! ክሉዞ እንኳ የዝሆኑን ዱካ አያጣውም ነበር።

አንዱን ለብቻው ልንገራችሁ። የጎንደር ነገሥታት ጦር ሲወጡ ይዘውት የሚዘምቱት ኵርዓተ ርእሱ የሚባል የጌታ ሥዕል ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ስናር ላይ ተማርኮ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ የተመለሰ ነው። መቅደላ ላይ ሪቻርድ ሆምዝ እጅ ገባ። ሆምዝ ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከ ባለሙያ ነበር፤ ሥዕሉን ግን ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ አስቀረው። ሆምዝ ቆይቶ ምን ሆነ? ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ የእንግሊዝ ንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ! ሥዕሉ በ1917 እ.ኤ.አ. ለንደን ተሸጠ፤ እንደገና እጅ ለእጅ ዞሮ መጨረሻ ፖርቱጋል፣ በግለሰብ እጅ ተገኘ። ይህን ፊልም አድርጉት ብላቸው «የማይታመን ነው» ይሉኛል።

እሺ፣ ዘውዱስ? እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት ነው የሚባለው፣ ከመቅደላ የተጫነው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በመስተዋት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከቤቴ ቁስቋም በእግር ይደረሳል፣ ለጉልበቴ ዳገቱ ቢከብድም። ዘውዱን ለማየት ግን ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የባንክ ደብተር፣ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ። እኔን ነው የሚጠይቁኝ! ዘውዱን ማን ጠየቀው?

ፊልሙ ውስጥ እንኳ የሉጋሽ አዲሱ መንግሥት «አልማዙ የሕዝብ ነው» ብሎ ሲሟገት፣ ጉዳዩ ለዓለም ፍርድ ቤት ይቀርባል። የኛን ፍርድ ቤት የዘጋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሕግ! ያ ፊልም በተሠራበት በ1963 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ ብሪቲሽ ሙዚየም ከንብረቱ እንዳያስወጣ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦቶቻችን ያሉት እዚያ ነው። ለቪክቶሪያና አልበርትም በ1983 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ አለ። ከሰረቁ በኋላ መመለስን የከለከለ ሕግ! ክሉዞም ቢሆን ይህን ሰምቶ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የቪክቶሪያና አልበርት ኃላፊ ትሪስትራም ሀንት ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። በውሰት! የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ «አባባ፣ መምጣቱ ነው ዋናው፣ ተቀበሉ» ይለኛል። ካልሲውን ሳያወልቅ ነው የሚመክረኝ። ልጄ፣ በእኛ አገር የሚዋስ ሰው ዋስ ይጠራል። ለምንትዋብ ዘውድ ዋስ ማን ይሁን? የቁስቋም አለቃ? ወይስ ያች ሉጋሽ የምትባል አገር? እኔን ብትጠይቁኝ አልሆንም። ጎረቤቴ ድግሱን ሊያሳምርበት የተዋሰው ብረት ድስት ለምን እስካሁን እንዳልተመለሰ ገና አልተጣራም።