የስፖኪዮ እቁብ

የአዲስ አበባ ባለመኪና ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ስፖኪዮውን ነው። ካለ ያማትባል። ከሌለ ትንሽ ይራገምና ስልኩን ያወጣል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ለፖሊስ ሊደውል ነው ብሎ ያስብ ይሆናል። ምን በወጣው! የሚደውለው ለወዳጁ ነው፤ “ያ መርካቶ የምታውቀው ልጅ አሁንም አለ?” ሊለው።

ይህን ልማድ የሚያንቋሽሹ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ምስጋና ቢስ መሆን አልወድም። ለመታወቂያ እድሳት ብትሄድ “ሲስተም የለም” ትባላለህ። የስፖኪዮ አገልግሎት ግን ሲስተም ጠፍቶበት አያውቅም። ሌሊት የተነቀለው መስታወት ረፋድ ላይ ተወልውሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀርብልሃል። “ያገለገለ ነው እንጂ ኦሪጅናል ነው፣ ወንድሜ” ይልሃል ሻጩ። ኦሪጅናል መሆኑንማ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት አምና ከግቢህ በር ጋር ያጋጨኸው ነው። ጭረቱን በጣትህ እየዳሰስክ “ይቺማ ተጭራለች፣ ቀንስ እንጂ!” ትላለህ። ሻጩም አንጀቱ ይራራና ይቀንስልሃል። በራስህ ጭረት በራስህ ዕቃ ላይ ቅናሽ የምታገኝበት ገበያ ሌላ የት አለ?

ብልህ ነን የሚሉት ደግሞ መላ አግኝተዋል። የታርጋ ቁጥራቸውን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ። ቁጥር ያለበትን ማንም አይገዛውም፣ የማይገዛውን ደግሞ ማንም አይሰርቀውም ነው ነገሩ። ሌባው ግን ንግድ ከእነሱ የተሻለ ገብቶታል። ቁጥር የሌለው ስፖኪዮ ገዢ እስኪመጣለት መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ቁጥር ያለው ግን ደንበኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል፣ ሌላ ሱቅም አይሄድበትም። ያውም የቅርጹን ሒሳብ የከፈለው ደንበኛው ራሱ ነው።

ቁጥር ያላስቀረጸውም ቢሆን ከጨዋታው ውጭ አይደለም፤ የእቁብ አባል ነው። የእሱ ቪትዝ ስፖኪዮ ለቦሌው ቪትዝ ይደርሳል፣ የቦሌው ለሳሪሱ፣ የሳሪሱ ደግሞ ዞሮ ለእሱ። ዳኛውም ጸሐፊውም ሌባው ነው፤ ከየዙሩ ድርሻውን ያነሳል እንጂ ዕጣ አያጓድልም። ለአገርም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አንድ መስታወት አራት መኪና ሲዞር የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅበትም፣ ቀረጥ አይከፈልበትም፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ አይጠበቅበትም። በዚህ መሀል የሚያሳዝነው ሶማሌ ተራ ሱቅ ከፍቶ፣ አዲስ ዕቃ አስመጥቶ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ዋጋ እንጠይቀውና “ኧረ ይሄ ሌብነት ነው!” ብለነው እንሄዳለን። ከዚያ ከሌባው እንገዛለን።

ለጥንቃቄማ ማን ብሎን! አጥራችን ላይ ሰባራ ጠርሙስ ተክለናል፣ ከጠርሙሱ በላይ እሾሃማ ሽቦ ዘርግተናል፣ ከሽቦው በላይ ካሜራ ሰቅለናል። ለሰፈር ጥበቃ በየወሩ እናዋጣለን። መኪና ባቆምን ቁጥር “አለሁልህ ጋሼ” ለሚለው ልጅ ብር እንሰጣለን። ስፖኪዮውን በሪቬት አስመትተን ባትሪውን በሰንሰለት አስረናል። አላርሙ ሌሊት ሲጮህ ግን “የማን መኪና ነው ደግሞ?” ብለን ወደ ግድግዳ እንዞራለን። ሲነጋ ሁላችንም በፒጃማ ወጥተን “ወይኔ ሰፈራችን! የትውልድ መበላሸት!” እንላለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ወደ ተጎጂው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በርካሽ የሚገኝበትን ቦታ ይነግረዋል። የሰፈር ትብብር ማለት ይኼ አይደል?

ሕጉ ብቻ ነው ከሥልጣኔያችን ጋር መራመድ ያቃተው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 የተሰረቀ ንብረት መሆኑን እያወቀ የገዛውን፣ የተቀበለውን፣ የደበቀውን፣ ያሻሻጠውን ሁሉ እስራት ያስፈራራዋል። እኛም መልስ አላጣንለትም፤ “አላወቅንም”። ዋጋው ከሱቁ ግማሽ ነው፣ ካርቶን የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ሽቦው በፒንሳ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ይህ ምን ያሳውቃል? ሻጩ “ከተጋጨ መኪና የወጣ ነው” ብሏል፤ የሰው ቃል ማመን ደግሞ ከአባቶቻችን የወረስነው ጨዋነት ነው።

አባቶቻችንን ካነሳን አይቀር፣ እነሱ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ብላቴናው መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞርና ሄዶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው ያስጠቃ ክፉ ዳኝነት ነበርና መቅረቱ ደግ ነው። ዛሬ ቢኖር ደግሞ ልጁን ግራ ያጋባው ነበር፤ በየትኛው በር ይዘረር?

ይልቅ የሚናፍቀኝ አውጫጭኝ ነው። ንብረት ሲጠፋ የአገሬው ሰው ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤት መሄድ የለም። በየሰፈራችን አንድ እሑድ እንዲሁ እንጠራራ። “ማን ሰረቀ?” የሚለውን ለፖሊስ እንተውለት፤ የእኛ ጥያቄ “ማን ገዛ?” ይሁን። ሁሉም መኪናውን እየነዳ፣ የለወጠውን የስፖኪዮ፣ የፍሬቻና የባትሪ ደረሰኝ በእጁ ይዞ ይምጣ። ደረሰኝ ያለው በሰላም ይሂድ። የሌለው ከማን እንደገዛ እስኪናገር ድረስ እዚያው፣ ከነመኪናው ይቆይ።

ሰኞ ጠዋት የከተማው መንገድ እንዴት ጭር እንደሚል ይታያችሁ። ስንት ዓመት ያስለቀሰን የትራፊክ መጨናነቅ በአንድ ሌሊት ተፈታ ማለት ነው።