ሦስት ካር ሲትና ሁለት ሻንጣ፦ ከቨርጂኒያ የተላከ ደብዳቤ

አገር ቤት «ሁለት መኪና ያዙ» ተብሎ የተወራላት ሁለተኛ መኪና በሰሜን ቨርጂኒያ የሀብት ምልክት አይደለችም። እንደ ሁለተኛው እግር ጫማ ናት፤ ባንዱ ብቻ ከቤት አይወጣም። የመጀመሪያዋ ጎህ ሳይቀድ ከአንዱ ወላጅ ጋር ወደ ሥራ ትሄዳለች። ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ለቀረው ወላጅ በእግር አይደረስባቸውም፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ «ወራጅ አለ!» ማለትም የለም። ስለዚህ ሁለተኛዋ መኪና ቤተሰቡን ከነጓዙ መቻል አለባት። ነጂው ደግሞ በመንዳቷ ትንሽ ደስ እንዲለው ይመኛል። ጣጣው የሚመጣው ስፋትና ደስታ ሲገናኙ ነው።

ስፋት የሚለካው በሰው ቁጥር ሳይሆን በካር ሲት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በልጆች መቀመጫ ይታሰራል። ሕፃን ከሆነም 2 ዓመት እስኪሞላው ወይም የመቀመጫው አምራች የወሰነው ክብደት ላይ እስኪደርስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚጓዘው። አገር ቤት አንዲት ኮሮላ ከኋላ አራት ሰው፣ ጭን ላይ ሁለት ሕፃን ጭና ሠርግ ስትሄድ ማንም አይደነቅም። እዚህ ግን ሦስት ካር ሲት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አውቶሞቢል ማግኘት ጭንቅ ነው። ሁነኛው መፍትሔ ካር ሲቶቹን ይዞ መኪና ሻጩ ዘንድ መሄድና እዚያው ገጥሞ ማየት ነው። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች።

ሁለተኛው መለኪያ ሻንጣ ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ዳለስ የሚመጣ የኢኮኖሚ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። አያት ሲመጡ እንግዲህ 46 ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ቀሚስ አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ክሮስኦቨር ከሚባሉት ረጃጅም መኪኖች አንዳንዶቹ ሦስተኛ ረድፍ አለን ይላሉ፤ ረድፉ ሲዘረጋ ግን ከኋላው የሚተርፈው ቦታ ለአንድ ፌስታል ያህል ነው። ሚኒቫን ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ስላላት ሻንጣው ቆሞ ይገባል። የክራይስለር ፓሲፊካ የመካከለኛ ረድፍ ወንበሮችማ በቤንዚን ብቻ በሚሠራው ዓይነት ወለል ውስጥ ታጥፈው ይሰወራሉ።

ደስታው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ሚኒቫኗ ሆንዳ ኦዲሲ 280 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷ ግን ከ2 ቶን ትንሽ ያልፋል። ትንሿ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ 241 የፈረስ ጉልበት ይዛ የምትመዝነው 1.4 ቶን ገደማ ነው። አንዱ ፈረስ በጎልፏ ወደ 6 ኪሎ፣ በኦዲሲዋ ከ7 ኪሎ በላይ ይጎትታል። በዚያ ላይ ቁመተ ረጅም መኪና ኩርባ ላይ ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ አጭሯ መሬቱን ቆንጥጣ ትዞራለች። ጎልፏ ለነጂው ሠርግ ናት። ለሦስት ካር ሲት ግን ድንኳኗ ጠባብ ነው።

በሁለቱ መካከል የሚያስታርቁም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እስከ 2015 ሞዴል የተሸጠችው ማዝዳ 5 ስድስት ሰው ትይዛለች፤ በሮቿ ተንሸራታች ናቸው፤ በማንዋል ማርሽም ትገኝ ነበር። በላዳ ፍሪሲዮን መርገጥ የተማረ ሰው ሲያያት ዓይኑ ዕንባ ያቀርራል። ሦስተኛው ረድፍ ሲያዝ ግን ሻንጣ አትችልም። ሱባሩ አውትባክ እንደ አውቶሞቢል ትነዳለች፣ ዕቃም በደንብ ትጭናለች፤ ወንበሯ ግን ለአምስት ብቻ ነው። ከ2021 ሞዴል ወዲህ በሃይብሪድ ብቻ የምትሠራው ሚኒቫን ቶዮታ ሲየና 245 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይበቃታል። የእሷ ደስታ የሚታወቀው ነዳጅ ማደያ ላይ ነው።

ዋጋው በግዢ አያበቃም። በቨርጂኒያ ወረዳዎች ባለመኪና በመኪናው ግምት ልክ በየዓመቱ ግብር ይከፍላል፤ ኢንሹራንሱና ዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ ይከተላሉ። ለሁለተኛ መኪና ያገለገለች፣ ከመገዛቷም በፊት ሻጩን በማያውቅ መካኒክ የታየች ብትሆን ይመረጣል።

ፍርዱ እንግዲህ አጭር ነው። ልጅ ሁለት ከሆነና አያት ካልመጡ ደስታ ያሸንፋል፤ ልጅ ሦስት ከሆነና አያት ከመጡ ሚኒቫን ታሸንፋለች። የዚህ ደብዳቤ ላኪ ስልክ ውስጥ የቀይ ጎልፍ ፎቶ አለ፤ ደጃፉ ላይ የቆመችው ግን ሲየና ናት። በሯ በቁልፍ ሲነካ ራሱ ይከፈታል፤ እማማ ሳይጎነበሱ ይገባሉ። ብቻ በርበሬው በሁለት ላስቲክ ይታሰር፤ የመኪናዋ ምንጣፍ ነጣ ያለ ነው።